ለሥዕል የሚጻፍ ቃል፤ ከብራና እስከ እጅ ስልክ

ፎቶግራፍን በእጅ ስልክ ማስታወሻ ውስጥ አስገብቶ ከሥሩ ወይም በላዩ ላይ መጻፍ ፍጹም አዲስ ተግባር መስሎ ይታያል። ይሁንና ሥዕልንና ቃልን ማጣመር በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። በብራና መጻሕፍት ከሥዕሉ አጠገብ ብዙውን ጊዜ «ዘከመ» በሚል ቃል የሚጀምር አጭር መግለጫ ይጻፍ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተግባሩን ታሪክና ስያሜ በወለጋ ምሳሌዎች እንመለከታለን።

ካሜራ ሲመጣ አማርኛ «ፎቶግራፍ» የሚለውን ስም ከውጭ ወሰደ፤ ግሡን ግን «አነሣ» ብሎ ከራሱ አገኘ። በነቀምቴና በአካባቢው የሚነገረው ኦሮምኛም «ሱራ ካሱ» ይላል። «ሱራ» ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን «ካሱ» ማንሣት ማለት ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ስሙን ሲዋሱ ግሡን ከነባር ቃላቸው መርጠዋል።

የመግለጫው ጉዳይ ግን ከስያሜ ያልፋል። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ያዘጋጀውና በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነበር። ኦኔሲሞስ በኋላ በነቀምቴ ኖሮ በ1931 እ.ኤ.አ. እዚያው ዐረፈ። ከ1991 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ቁቤ የኦሮምኛ መጻፊያ ሆኗል። በሻምቡ ደጋ የተነሣ ፎቶግራፍ ሥር አንድ ሰው በግዕዝ ፊደል «ለፈ በዳ» ብሎ ቢጽፍ፣ «ዳ» ጠብቆ ሲነበብ ደጋ አገር፣ ላልቶ ሲነበብ መጥፎ መሬት ይሆናል። ፊደሉ ጥብቀትን ስለማያሳይ፣ አነባበቡ ካልተመዘገበ ተርጓሚው ይሳሳታል።

የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። ነቀምቴ በቀድሞ ጽሑፎች «ለቀምት» ትባል ነበር፤ ስሙ በቡና ንግድ ዛሬም ይሠራበታል። በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ «ለቀምት» ተብሎ የተጻፈውን «ነቀምቴ» ብሎ መተካት የታሪክ ማስረጃን ማጥፋት ነው። በአንጻሩ አዲሱ ስም በጎኑ ካልታከለ፣ በ«ነቀምቴ» የሚፈልግ ሰው ፎቶግራፉን አያገኘውም።

ስለዚህ ተግባሮቹን ሁሉ «ማብራሪያ» በሚል አንድ ቃል ማጠቃለል አይበጅም እንላለን። ፎቶግራፉን በማስታወሻ ውስጥ ማኖር «ማስገባት»፣ ከሥሩ የሚጻፈው «መግለጫ»፣ በላዩ የሚሣለው ቀስት ወይም ክብ «ምልክት»፣ ሰብሳቢው ስለ አነባበብና ፍቺ የሚያክለው «የኅዳግ ማስታወሻ» ቢባሉ ይሻላል። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። በአንዳንድ መተግበሪያዎች ምልክቱ ሲቀመጥ ከፎቶግራፉ ጋር ተዋሕዶ ስለሚቀር ሊነሣ አይችልም፤ የኅዳግ ማስታወሻ ግን ዋናውን ሳይነካ ይታረማል። የመስክ ሠራተኞች ዋናውን ፎቶግራፍ ሳይነኩ አስቀምጠው በቅጂው ላይ ምልክት እንዲያደርጉ፣ ቃሉንም ሰምተው በጻፉት መልክ እንዲያቆዩ እናሳስባለን።