የምስጥ የትውልድ ሐረግ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቆየ ፋይል ለማውጣት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሄደን ነበር። ሣጥኑ ከውጭ ሲያዩት ደኅና ነው፤ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም። ክዳኑን ባነሣን ጊዜ ግን ከወረቀቱ ይልቅ አፈሩ በዝቶ አገኘነው። የላይኛውና የታችኛው ገጽ ሲቀር መካከሉ ሁሉ ተቦርቡሮ አልቋል። የመዝገብ ቤቱ ሹም አጠገባችን ቆመው፣ «ጉንዳን ቢሆን ባየነው ነበር፤ ምስጥ ግን ሥራውን ሳይጨርስ አይታይም» ብለው አዘኑ።

ሹሙ ምስጥን ከጉንዳን ለይተው መናገራቸው ለእኛ ተራ ነገር ነው፤ ቋንቋችን ለሁለቱ ሁለት ስም ስለ ሰጠ ማንም አያደባልቃቸውም። እንግሊዞች ግን ምስጥን ለብዙ ዘመን «ነጭ ጉንዳን» ሲሉት ኖረዋል። ለዚህም ምክንያት አላጡም፤ ምስጥም እንደ ጉንዳን በማኅበር ይኖራል፤ ንግሥት፣ ሠራተኛና ወታደር አለው። ዳሩ ግን ጠጋ ብሎ ለመረመረው ሰው የሁለቱ መንግሥት ሥርዓቱ ይለያያል። ወንዱ ጉንዳን ከንግሥቲቱ ጋር ከተገናኘ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል፤ የምስጥ ንጉሥ ግን ከንግሥቲቱ ጎን ዕድሜውን ይፈጃል። የጉንዳን ሠራተኞች ሁሉም ሴቶች ሲሆኑ በምስጥ ሠራተኞች ዘንድ ወንድም ሴትም ይገኛል። ጉንዳን የንብና የተርብ ዘመድ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። ምስጥስ የማን ዘመድ ነው? የዛሬው ጽሑፋችን የሚከታተለው ይህን ጥያቄ ነው። ዓመታቱን የምንጽፈው በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ሄንሪ ስሚትማን የተባለ እንግሊዛዊ በሴራሊዮን ያየውን ኩይሳ፣ በውስጡም የተዘጋውን የንጉሡንና የንግሥቲቱን ክፍል በ1781 ዓ.ም. በጻፈ ጊዜ የለንደን ሊቃውንት እጅግ ተደነቁ። የዘመዱ ምስጢር ግን ከኩይሳው ውስጥ አልነበረም፤ ከምስጡ ሆድ ውስጥ ነበር እንጂ። በ1920ዎቹ ዓመታት ክሊቭላንድ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እንጨት የሚበላው ምስጥ እንጨቱን የሚፈጨው ብቻውን አለመሆኑን አስረዳ። በሆዱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ይኖራሉ፤ የሚረዱትም እነርሱ ናቸው። ክሊቭላንድ እነዚህን ፍጥረታት በሙቀት አጠፋቸው። ምስጡም እንደ ልማዱ እንጨቱን በላ፤ ሆዱንም ሞልቶ በረኃብ ሞተ።

ይኸው ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በ1934 ዓ.ም. ስለ አንድ በረሮ ሰፊ ጥናት አሳተመ። በረሮው በሰሜን አሜሪካ በአፓላችያን ተራሮች በበሰበሰ ግንድ ውስጥ የሚኖር ክንፍ የለሽ ነፍሳት ነው። እንጨት ይበላል፤ እናትና አባት ልጆቻቸውን ይዘው በአንድ ግንድ ውስጥ ይከርማሉ፤ በሆዱ ያሉትም ፍጥረታት ከምስጥ ሆድ የተገኙትን የሚመስሉ ናቸው። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልን እንለምናለን። እንጨት በል ምስጥ ቆዳውን በለወጠ ቁጥር በሆዱ ያሉትን ረዳቶች ያጣል፤ መልሶ የሚያገኛቸው ከባልንጀራው ብቻ ነው። እንግዲህ ብቻውን የቀረ ምስጥ ምግቡ በፊቱ እያለ መራቡ አይቀርም። የምስጥ ማኅበር መነሻው ከዚህ ዓይነቱ ችግር ሳይሆን አይቀርም።

ሌላም ምስክር ነበር። በሰሜን አውስትራልያ የሚገኝ ማስቶተርሚስ የሚባል ምስጥ እንቁላሉን እንደ በረሮ በአንድነት አጣብቆ ይጥላል፤ በሰውነቱ ስብ ውስጥም በበረሮ ስብ የሚኖረው ባክቴሪያ ይገኝበታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ብዙ ሊቃውንት አልተቀበሉትም። የሆድ ፍጥረታት ከአንዱ ወደ ሌላው ሊተላለፉ ይችላሉና መመሳሰሉ ዝምድናን አያረጋግጥም ብለው ተከራከሩ። መልካቸውን በማየት ብቻ ክርክሩ የሚያልቅ አልነበረም።

ፍርዱን የሰጠው የዘረ መል ጥናት ነው። አሠራሩን ለመረዳት የቁም ጸሐፊዎቻችንን ሥራ ማሰብ ይበቃል። ጸሐፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ አልፎ አልፎ ፊደል ይስታል፤ ከዚያ መጽሐፍ የሚገለብጠው ሌላው ጸሐፊም ስሕተቱን ይወርሳል። ሁለት መጻሕፍት በብዙ ቦታ አንድ ዓይነት ስሕተት ከተገኘባቸው ከአንድ እናት መጽሐፍ የተቀዱ ናቸው እንላለን። ዲ ኤን ኤ የሚባለውም በአራት ፊደላት የተጻፈ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚገለበጥ መጽሐፍ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣ ጥናት የምስጥንና የበረሮን ዘረ መሎች አስተያይቶ ምስጥ እንጨት ከሚበሉ በረሮዎች የወጣ ነው አለ። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተመራማሪዎች ብዙ ዓይነት ምስጦችንና በረሮዎችን መርምረው ያንኑ አጸኑ፤ የግንዱ በረሮም ለምስጥ ከሁሉ የቀረበ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ምስጥ የበረሮ የአጎት ልጅ እንኳ አይደለም፤ ማኅበር የመሠረተ በረሮ ነው። የጽሑፋቸውም አርእስት የምስጥን ራሱን የቻለ ክፍል ሞት የሚያረዳ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ተሠርዞ የሌላው መሥሪያ ቤት ንዑስ ክፍል ሲሆን ምን ዓይነት ጫጫታ እንደሚነሣ ለምናውቅ ሰዎች፣ የቀድሞው ስም ይዳንልን የሚል የተቃውሞ ጽሑፍ በዚያው ዓመት መውጣቱ አያስገርመንም። ዝምድናውን ግን ተቃዋሚዎቹም አልካዱም።

የዘረ መል ጥናት ያሳፈረም ጊዜ ነበረው። በ1992 ዓ.ም. ድንጋይ በሆነ የዛፍ ሙጫ ውስጥ ተዘግቶ ከቆየ የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ምስጥ ዲ ኤን ኤ ወጣ ተብሎ በዓለም ተወራ። ሌሎች በእንዲህ ያለ ሙጫ ውስጥ ባሉ ነፍሳት ላይ ሲሞክሩት ግን አልሆነላቸውም፤ ወሬውም ታማኝነቱን አጣ። ቢሆንም ያ ምስጥ ከንቱ አልቀረም። ወገኑ ማስቶተርሚስ ነውና፣ ዛሬ በአውስትራልያ ብቻ ተወስኖ የሚኖረው ዘር በጥንት ዘመን እስከ ካሪቢያን ደሴቶች ደርሶ እንደነበረ መልኩ ብቻ ይመሰክራል።

የስሕተቶቹን ብዛት ዕድሜያቸው በታወቀ ቅሪቶች መዝኖ ዘመንን መቁጠርም ይቻላል። በ2015 ዓ.ም. የታተመ ጥናት የዛሬዎቹን ምስጦች የጋራ አባት ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አኖረው። ከሦስት ሺህ ገደማ የምስጥ ዓይነቶች አብዛኞቹን የሚይዘው ታላቁ ወገን ግን ወጣት ነው። ይህ ወገን በሆዱ የነበሩትን ባለ አንድ ሕዋስ ረዳቶች አሰናብቶ በሌላ ዘዴ የሚኖር ነው፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣ ጥናት እንዳስረዳው ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የተነሣው ከአፍሪካ ነው። በዚያን ጊዜ ደቡብ አሜሪካ ከአፍሪካ ከተለየች ቆይታለች፤ ምስጥም ባሕር የሚሻገር ክንፍ የለውም። የክረምት መግቢያ ዝናብ ሲዘንብ ከመሬት የሚፈላውን አሸን ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ጥቂት በርሮ ክንፉን ይጥላል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ያሻገረው በጎርፍ ተወስዶ በባሕር ላይ የተንሳፈፈ ግንድ ነው ይላሉ። ቤቱም ስንቁም ያው ግንድ ነው።

ከዚህ ወገን መካከል እንጉዳይ የሚያርሱት በእኛም አገር ኩይሳ የሚሠሩ ናቸው። የሰበሰቡትን እንጨትና ቅጠል በሆዳቸው አሳልፈው ከኩይሳው ሥር ይከምሩታል፤ በክምሩ ላይ እንጉዳይ ይበቅላል፤ ምግባቸውም እርሱ ነው። ይህን እርሻ በአፍሪካ የጀመሩት አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን፣ ከዚያም ወዲህ የተወው አለመገኘቱን ዘረ መሉ ይናገራል። በታንዛንያ በሩክዋ፣ በታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ክንድ፣ 25 ሚሊዮን ዓመት የሆነው ድንጋይ የሆነ የእንጉዳይ እርሻ ተገኝቷል። እነዚህ ገበሬዎች እስያ ሲደርሱ አሜሪካንና አውስትራልያን አልረገጡም። ብዙዎቹ አዲስ ቤት ሲመሠርቱ የእንጉዳዩን ዘር ከዱር መልቀም አለባቸው፤ በማያውቁት ባሕር ማዶ ግን ዘሩ የለም። ማዳጋስካርን የያዘው ወገን አንድ ነው፤ የዚህ ወገን ሴቲቱ ከእናቷ ቤት ስትወጣ ዘሩን በሆዷ ይዛ ትወጣለች።

ከዚያ ሣጥን ያወጣናቸውን ጥቂት ወታደር ምስጦች በጠርሙስ አድርገን ለአንድ የባዮሎጂ መምህር አሳይተናቸው ነበር። መንጋጋቸውን አይተው፣ «እነዚህማ እንጉዳይ ከሚያርሱት ናቸው» አሉን። የፈለግነው ፋይል እንግዲህ ከመሬት በታች ማዳበሪያ ሆኖ እንጉዳይ በቅሎበታል ማለት ነው። የመዝገብ ቤቱ ሹም ይህን ስንነግራቸው ሣቁና፣ ወጪ ሆኖ እንዲመዘገብ አዘዙ።