አደስና ሀዳስ፦ አንድ ቅጠል በሁለት አገር

በዳስ በዓል ዋዜማ በሐደራ ገበያ ያየሁትን ላጫውታችሁ። አንዲት እናታችን ለበዓሉ ከሚሸጠው ቅጠል አንዱን ቀንበጥ በጣታቸው አሸት አድርገው አሸተቱና፣ «ይሄማ አደስ ነው፤ የእናቴ ራስ ሽታ!» አሉ። የልጅ ልጃቸው ግን፣ «አይደለም እማዬ፣ ሀዳስ ነው» ብላ አረመቻቸው። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

አደስና ሀዳስ አንድ ተክል ነው፤ የዕፀዋት ሊቃውንት ሚርቱስ ኮሙኒስ ይሉታል። መጽሐፈ ነህምያ በምዕራፍ 8 ለዳስ መሥሪያ ከተራራ ከሚመጡት ቅርንጫፎች ይቈጥረዋል። የንግሥት አስቴር የዕብራይስጥ ስም ሀዳሳም ከዚሁ ተክል የመጣ ነው። ሄንሪዬታ ሶልድ በ1912 ኒው ዮርክ ላይ ያቋቋመችው፣ በሆስፒታሎቹ የምናውቀው የሴቶች ማኅበርም የተሰየመው በዚሁ ስም ነው።

ዘይቱም የቈየ ታሪክ አለው። በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት የነበረው ሐኪም ዲዮስቆሪዲስ አሠራሩን ጽፎ ትቶልናል። በአውሮፓም ከአበባውና ከቅጠሉ የሚወጣው ውሃ «የመላእክት ውሃ» እየተባለ ለፊት ማስዋቢያ ያገለግል ነበር። በኢትዮጵያ ግን እናቶቻችን ያለ ማንጠሪያ ዕቃ ዘዴውን አግኝተውታል። ቅጠሉ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፤ ከዚያ ከለጋ ቅቤ ጋር ይለወሳል። የቅጠሉ ዘይት በስብ ስለሚሟሟ መዓዛው ወደ ቅቤው ይገባል። ሹሩባ ሲሠራ ራስ ይቀባል፤ በደጋው ብርድና ነፋስ የደረቀ ፊትና እጅም ይታሽበታል። ቅቤው የቆዳውን ወዝ ይጠብቃል፤ አደሱ ደግሞ የቅቤውን ሽታ ያጣፍጣል።

በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ሲመጣ፣ ብዙዎቻችን ባዶ እጃችንን ነበርን። በእኔ ቤት ግን አደስ ቅቤን ያስተወን ማጣት አይደለም፤ ኀፍረት ነው። እህቴ ከትምህርት ቤት «ትሸቻለሽ አሉኝ» ብላ አልቅሳ የመጣች ቀን፣ እናታችን የቅቤውን ዕቃ ከደነች። ዳግመኛም አልከፈተችውም። ዛሬ የዚያው ቅጠል ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ታሽጎ ለቆዳ መንከባከቢያ ሲሸጥ ሳይ፣ የእናቴ ዝምታ ትዝ ይለኛል።

ሐደራም ለዚህ ታሪክ ባዕድ አይደለችም። በ1891 ስትመሠረት ወባ ብዙ ሰው የፈጀባት ከተማ ናት። ረግረጉን ለማድረቅ የተተከለባት ባሕር ዛፍ ምኒልክ በዚያው ዘመን ወደ አዲስ አበባ ያስገቡት ዛፍ ነው፤ ወገኑም ከአደስ ነው። የሁለቱም ዘይት ሲኒዮል የሚባለውን ብርቱ ሽታ ይዟል።

ስለዚህ አንድ ማሳሰቢያ፦ በጠርሙስ የሚሸጠው የነጠረ ዘይት ከቅቤ ጋር እንደተለወሰው ቅጠል የለዘበ አይደለም። በሌላ ዘይት ሳይቀጠን ቆዳ ላይ አይደረግም፤ አይጠጣም፤ ትንፋሽ ሊያውክ ስለሚችልም ከሕፃናት ፊት ይራቅ።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፤ በሚመጣው የዳስ በዓል ሀዳሱን ለአያቶቻችሁ አሽታችሁ ስጡና ጠይቋቸው። እናንተ የዕብራይስጡን ስም ታውቃላችሁ፤ እነርሱ ደግሞ ሙያውን። እነርሱ ሳሉ ካልጠየቅን ስሙ ብቻ ይቀርልናል።