የባኬ ጃማ ጭቃ ቤት ታሪክና የዕድራችን ዕቃ ቤት ጉዳይ

እንደምታስታውሱት ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ድንኳኑና ብረት ድስቱ የሚቀመጥበት ዕቃ ቤታችን ይፍረስና በብሎኬት ይሠራ የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ውሳኔው ለሚቀጥለው ጉባኤ ተላልፏል። እኔ ጡረተኛ ስለሆንኩ ጊዜ አለኝና፣ ከመወሰናችን በፊት የዚህ ዓይነቱ ቤት ከየት እንደመጣ ብጽፍ ይጠቅማል ብዬ ብዕሬን አነሣሁ። ትምህርቴ ከአንደኛ ደረጃ ያላለፈ ነውና የመሐንዲስ ቋንቋ አትጠብቁብኝ።

አያቶቻችን የኖሩበት ቤት ክብ ሆኖ ክዳኑ ሰንበሌጥ ነበር። ቋሚው ከጥድና ከወይራ፣ ማገሩ ከቀርከሃ ወይም ከቀጭን እንጨት፣ ማሰሪያው ልጥና ሐረግ ነው። አንድ ምስማር አይገባበትም። ሲያረጅ እንጨቱ ለማገዶ፣ አፈሩም ወደ ጓሮ ይመለሳል፤ የሚጣል ነገር አልነበረውም ማለት ነው። ሥራውም የአንድ ሰው አልነበረም፤ ደቦ ተጠርቶ ጎረቤት ይወጣል። በኦሮምኛም «ዳቦ» ይባላል፣ የሚበላውን ማለቴ አይደለም፣ ምንም እንኳ ያለ የሚበላ ደቦ ባይኖርም።

ቆርቆሮ ሲመጣ የቤቱ ቅርጽም ተለወጠ። ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ስለሆነ በክብ ቤት ላይ አያርፍም፤ ስለዚህ ቤቱ አራት ማዕዘን ሆነ። ባሕር ዛፍም አብሮ ተስፋፋ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው ጫካ ለማገዶና ለቤት ተጨፍጭፎ አለቀና፣ ዐፄ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማይቱን በቦታዋ ያቆማት በ1880ዎቹ መጨረሻ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ይደርሳል፣ ቀጥ ብሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል። ወደ እኛም አገር መጥቶ የየግቢው አጥርና ቋሚ ሆነ። ውሃ ይመጥጣል እየተባለ ይወቀሳል፣ ወቀሳውም ትክክል ነው፤ ነገር ግን እሱ ባይኖር ኖሮ የቀረው ጥድና ዋንዛ የት ይደርስ ነበር?

ስለ ውስጥ ማስጌጡ ደግሞ እናቶቻችንን ሳላነሣ ባልፍ ነውር ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት ይከርማል፤ ተረግጦ ተረግጦ ሲበስል ይመረጋል። ስንጥቁ በእበትና በአመድ ይለሰናል፣ ከዚያ በኋላ ነጭ አፈር ወይም ቀይ አፈር ይቀባል። እበቱ ደርቆ ሲጠና ግድግዳው አቧራ አይለቅም። ለበዓል ወለሉ ላይ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ሞሰቡና ሙዳዩ በግድግዳው ላይ ይሰቀላል። ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው የአቡጀዴ ኮርኒስ ይወጥራል፤ የሌለው ጋዜጣ በዱቄት ማጣበቂያ ይለጥፋል። እኔ በልጅነቴ ማንበብ የለመድኩት ከግድግዳ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ አንዳንዱ ወሬ ተገልብጦ ስለሚለጠፍ አንገት ማጣመም ግድ ነበር።

ቤቱ ጉድለት አልነበረውም አልልም። በጓዳው ጭስ የእናቶቻችን ዓይን ጠፍቷል፣ ሳንባቸውም ተጎድቷል። ሣር ክዳን እሳት ከነካው በአንድ አፍታ ያልቃል። የዛሬ ወጣት ጭቃ ቤት አልፈልግም ቢል አልፈርድበትም።

የወለጋ ቤት ዋናው ጠላት ግን ምስጥ ነው። በምዕራብ በኩል በመንዲና በነጆ ያለውን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሰብሉንም ሣሩንም የቤቱንም ቋሚ ይበላል። በ1970ዎቹ ኩይሳውን በመርዝ የማጥፋት ዘመቻ ይደረግ ነበር። ከመርዞቹ አንዱ አልድሪን የሚባለው ሲሆን፣ እሱም ለሰውና ለከብት አደገኛ ሆኖ ስለተገኘ እ.ኤ.አ. በ2001 በስቶክሆልም በተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከታገዱት ውስጥ ገባ። ምስጡ ግን ዛሬም አለ። ደኑና ሣሩ ሲመነጠር የሚበላውን አጥቶ ወደ ቤታችን ይመጣል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ቀድሞ ወይራና ጥድ ስለሚመረጥ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም ነበር። አሁን ጥድ ልቁረጥ የሚል ሰው የደን ሕግ አለበት፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ጥድን፣ ዝግባን፣ ዋንዛንና ኮሶን ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። መከልከሉም ደግ ነው።

ታዲያ በብሎኬት ብንሠራስ? ብሎኬትን ምስጥ አይበላውም፣ እውነት ነው። ነገር ግን ሲሚንቶ የሚሠራው ድንጋይ በ1,450 ዲግሪ ያህል ሙቀት ተቃጥሎ ነው፤ በዓለም ላይ ከሚወጣው የካርቦን ጭስ ከመቶው 7 ወይም 8 እጅ ከሲሚንቶ እንደሚወጣ ይነገራል። ለእኛ ዕድር ይበልጥ የሚቀርበን ዋጋው ነው። ሲሚንቶው ከሩቅ ተጭኖ ይመጣል፣ የሚከፈለውም ለቀብርና ለሐዘንተኛ ከተቀመጠው ካዝና ነው። ጭቃው ግን እዚሁ እግራችን ሥር ነው። ጭቃ ደካማ ነው የሚል ካለ የየመኗን ሺባም ይመልከት፤ ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በጭቃ ጡብ የተሠሩ ባለ ብዙ ፎቅ ቤቶቿ እየታደሱ ሰው ይኖርባቸዋል። እርግጥ ያ በረሃ ነው፣ የእኛ ደግሞ የዝናብ አገር ነው። በነቀምቴ ጭቃ ቤት የሚፈርሰው ከላይ ክዳኑ ሲያጥር፣ ከታች መሠረቱ ውሃ ሲጠጣ ነው እንጂ በራሱ አይደለም።

ዕቃ ቤታችንን ከሁለት አናጢዎች ጋር ዞሬ አይቼዋለሁ። ምሰሶው ደህና ነው፣ ቆርቆሮውም አልበሳም። የተበላው በጓሮ በኩል ያሉት ቋሚዎች እግር ነው፤ ምክንያቱም እንጨቱ በቀጥታ መሬት ውስጥ ተተክሏል። ስለዚህ ያ ወገን ብቻ ፈርሶ፣ ድንጋይ መሠረት እስከ ጉልበት ድረስ ከፍ ብሎ ይሠራና ቋሚው በድንጋዩ ላይ ይቀመጥ እላለሁ። ሲሚንቶ ቢያስፈልግ ለዚያች መሠረት ብቻ ይሁን። ክዳኑ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውጭ ይርዘም፣ የጣሪያው ውሃ የሚሄድበት ቦይ በዙሪያው ይቆፈር። ምስጥ በድንጋዩ ላይ የጭቃ መንገድ ሠርቶ መውጣቱ አይቀርም፤ ነገር ግን መንገዱ ስለሚታይ በየወሩ በመጥረጊያ ማፍረስ ይቻላል። ይህንንም ለዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሥራ ብንጨምርበት አይከብደውም።

ምርጊት የሚሠራው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው፤ ካልደረቀ ልስኑ ይረግፋል። ስለዚህ ጉባኤው ጉዳዩን ከጥቅምት በፊት ቢያየው፣ ጭዱም በአጨዳ ጊዜ በርካሽ ይገኛል። ጭቃውን ለማቡካት ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ቢወጣ በሁለት ቅዳሜ ያልቃል፤ ቡናውን የሴቶች ኮሚቴ አፈላለሁ ብሏል።