ሰማይ ከቁጥር ሲለይ ጥፋቱ የማን ነው?

መጽሐፈ ሄኖክን ከሚያነቡት ብዙዎቹ ምዕራፍ 72 ላይ ሲደርሱ ገጹን ቶሎ ቶሎ መግለጥ ይጀምራሉ። እስከዚያ ያለው የወደቁት መላእክት ታሪክ፣ የረዓይት ነገር፣ የፍርዱ ራእይ ልብ ይሰቅላል። ከ72 እስከ 82 ያለው ግን በር፣ ጧት፣ ክፍልና ቀን እየቆጠረ የሚሄድ የሒሳብ መዝገብ ነው። መልአኩ ዑራኤል ሄኖክን የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ ያስተምረዋል፤ ሄኖክም የተማረውን ለልጁ ለማቱሳላ ያስተላልፋል። ሰው በሰማይ ላይ የሚያየውን እንቅስቃሴ ለመረዳት ካደረጋቸው ሙከራዎች አንዱን ከጥንት ጀምሮ ጠብቆ ያቆየልን ይኸው አሰልቺ የሚባለው ክፍል ነው።

መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከኢትዮጵያ የወሰዳቸውን ቅጂዎች ይዞ እ.ኤ.አ. በ1773 አውሮፓ ገባ። ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. በ1952 በሙት ባሕር ዳርቻ፣ በኩምራን አራተኛው ዋሻ፣ የዚሁ የሰማይ ክፍል የአራማይክ ቁርጥራጮች ተገኙ። ከእነዚህ ውስጥ ትልቅ ዕድሜ ያለው ቁራጭ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ወይም በሁለተኛው መጀመሪያ እንደተጻፈ የፊደሉ ቅርጽ ይመሰክራል።

ጸሐፊው ዓይኑን የሚተክለው አድማስ ላይ ነው። በምሥራቅ ስድስት በሮች፣ በምዕራብም ስድስት በሮች ይቆጥራል። ዓመቱ ሲጀምር ፀሐይ በአራተኛው በር 30 ጧት ትወጣለች። ቀጥሎ በአምስተኛው 30፣ በስድስተኛው 31። ከዚያ ዞራ በስድስተኛው 30፣ በአምስተኛው 30፣ በአራተኛው 31 እያለች ትመለስና በሦስተኛው፣ በሁለተኛውና በአንደኛው በር በኩል ወርዳ እንደገና ትወጣለች። አራት ጊዜ 91፣ በድምሩ 364 ቀን ይሆናል።

ነገሩ ተረት የሚመስለው ሰው ከቤቱ ደጃፍ ሆኖ ይሞክረው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በታኅሣሥ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ሸሸት ብላ ትወጣለች፤ በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ስፋት 47 ዲግሪ ያህል ነው፤ ክንድን ዘርግቶ በጭብጥ ለሚለካ አምስት ጭብጥ ገደማ። በሁለቱ ጫፎች ላይ ለሳምንታት የቆመች ትመስላለች፤ በመስከረምና በመጋቢት ግን የመውጫዋ ቦታ በየቀኑ ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት ባነሰ፣ ማለትም ከራሷ ስፋት ጥቂት ባነሰ ልክ፣ ይፈናቀላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ምድር በፀሐይ ዙሪያ ስትዞር እንዝርቷ በ23.5 ዲግሪ ግድም አዘንብሎ ስለሚቀር ነው። ጸሐፊው ይህን አያውቅም፤ በሩን ግን በትክክል አይቶታል።

የሚያስቸግረው ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ነው። ጸሐፊው መዓልቱንና ሌሊቱን በአንድ ላይ በ18 ክፍል ይከፍለዋል። እኩል ሲሆኑ ዘጠኝ በዘጠኝ ናቸው። ከዚያ መዓልቱ በየወሩ አንዳንድ ክፍል እየጨመረ 12 ይደርሳል፣ ሌሊቱ ወደ 6 ይወርዳል። በእኛ ሰዓት ሲመነዘር 16 ሰዓት ብርሃን፣ 8 ሰዓት ጨለማ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። አዲስ አበባ ላይ የዓመቱ ረጅም መዓልት 12 ሰዓት ተኩልን ጥቂት ደቂቃ ቢያልፍ ነው፤ አጭሩም ከ11 ሰዓት ተኩል አይወርድም።

መጽሐፉን መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ የተረጎመው ሪቻርድ ሎረንስ እ.ኤ.አ. በ1821 ይህን ቁጥር ይዞ አንድ ብልህ ስሌት ሠራ። ረጅሙ መዓልት የአጭሩ እጥፍ የሚሆነው ከምድር ወገብ ወደ 49 ዲግሪ ሰሜን ርቆ ባለ አገር ስለሆነ፣ ጸሐፊው ከፍልስጥኤም በጣም ወደ ሰሜን፣ በካስፒያንና በጥቁር ባሕር አካባቢ የኖረ መሆን አለበት አለ። ስሌቱ እንከን አልነበረውም። መነሻው ግን ስሕተት ነበር፤ ሎረንስ ቁጥሩ በዓይን ታይቶ የተመዘገበ መሰለው።

መልሱ የመጣው ከሸክላ ነው። በሜሶፖታሚያ የኩኔይፎርም ጽላቶች ሲነበቡ እዚያም ያው የሁለት ለአንድ ቀመር ተገኘ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1000 አካባቢ የተጠናቀረው ሙል አፒን የተባለው የከዋክብት ድርሳን የረጅሙን ቀን መዓልት ለመለካት የሚያስፈልገውን የውኃ ሰዓት ውኃ 4 ሚና፣ የአጭሩን 2 ሚና ያደርገዋል። ሚና የክብደት መለኪያ ነው። ለባቢሎን እንኳ ይህ አይሠራም፤ የዚያ አገር እውነተኛ ልክ ሦስት ለሁለት ይጠጋል። ለስሌት የሚያመች፣ በየወሩ እኩል እየጨመረ እኩል የሚቀንስ ቀመር ነበር። በእውነተኛው ሰማይ የመዓልቱ ርዝመት በመጋቢትና በመስከረም ፈጥኖ ይለወጣል፤ በሰኔና በታኅሣሥ ጭራሽ ያልተለወጠ ይመስላል።

እንግዲህ የእኛ ሊቃውንት ለዘመናት ሲገለብጡ የኖሩት በራሳቸው አናት ላይ ያልነበረ ሰማይ ነው። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይና ነሐሴ ማብቂያ ላይ የአዲስ አበባ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አናት ላይ ትሆናለች፤ በመካከሉ ባሉት ወራት የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። የባቢሎን ሰው ይህን በአገሩ ከቶ ሊያይ አይችልም። ጥላን በጫማ እየሰፈረ ሰዓት የሚያውቅ የደብር ሰው ልዩነቱን ሳያየው የሚቀር አይመስለኝም። ቁጥሩን ግን አልነካውም። አንዳንዱ ይህን ድርቅና ሊለው ይችላል፤ እኔ በበኩሌ ውለታ እለዋለሁ። አንድ ጎበዝ ገልባጭ 12ቱን ክፍል ለአገሩ ሰማይ እንዲስማማ ቢያርመው ኖሮ የባቢሎን ዱካ ከግዕዙ ላይ ጠፍቶ በቀረ ነበር።

ወደ ጨረቃ ስንመጣ ጸሐፊው የተሻለ ጎዳና ላይ ነው። ብርሃኗ በሰባተኛና በሰባተኛ ግማሽ እየተከፈለ ሲሞላና ሲጎድል ይቆጥራል፤ ፀሐይ በዓመት የምታዳርሳቸውን በሮች እሷ በአንድ ወር ታዳርሳቸዋለች። ይህም ትክክል ነው፤ በታኅሣሥ ሙሉ የሆነች ጨረቃ የሰኔን ፀሐይ መንገድ ይዛ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ትወጣለች። በየቀኑ ወደ 13 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ስለምትራመድ መውጫዋ በአማካይ 50 ደቂቃ ይዘገያል። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ቀን ስለሚሆኑ፣ ከ364 ጋር ሲነጻጸር ጨረቃ በዓመት 10 ቀን፣ በአምስት ዓመት 50፣ በስምንት ዓመት 80 ቀን ወደ ኋላ እንደምትቀር ጽፏል። ባሕረ ሐሳብን፣ የቤተ ክርስቲያንን የዘመን አቆጣጠር፣ የተማረ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ዓመቱን 365 ቀን ካደረጉት ልዩነቱ 11 ይሆናል፣ አበቅቴ የሚቆጠረውም በዚሁ 11 ነው። የ2018 ዓ.ም. ወንበር፣ ማለትም በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ዙር ውስጥ ያለፉት ዓመታት ቁጥር፣ 12 ነው፤ በ11 ተባዝቶ 132፣ ለ30 ተካፍሎ የሚተርፈው 12 አበቅቴ ይሆናል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላ ጨረቃና ፀሐይ ተመልሰው ይገጥማሉ።

የ364ቱ ዓመት ግን ከምንም ጋር አይገጥምም። ውበቱ ልክ 52 ሳምንት መሆኑ ነው፤ በዓላት ሁልጊዜ በአንድ ዕለት ይውላሉ። መጽሐፈ ኩፋሌም ለዚህ አቆጣጠር ይሟገታል፣ የኩምራን ማኅበርም ይዞት ነበር። ከእውነተኛው ዓመት በአንድ ቀን ከሩብ ስለሚያንስ በ24 ዓመት ውስጥ ወደ 30 ቀን ይዛነፋል። የመከሩ በዓል ቀስ በቀስ ከመከሩ ወቅት ይርቃል። ታዲያ በዚህ ጊዜ ምን ይባላል? ምዕራፍ 80 መልስ አለው። በኃጥአን ዘመን ዓመታት ያጥራሉ፣ ዝናብ ይዘገያል፣ ጨረቃ ሥርዓቷን ትለውጣለች። ቁጥሩ ሕግ ስለሆነ አይሳሳትም፤ የተሳሳተው ሰማዩ፣ ምክንያቱም የሰው ኃጢአት ነው።

ስለ ፕላኔቶች የሰማይ ክፍሉ የሚያስተምረው አካሄድ የለም። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ሌላ ክፍል፣ በምዕራፍ 18 እና 21፣ የታሰሩ ሰባት ኮከቦች ይታያሉ። ጥፋታቸው በተወሰነላቸው ጊዜ አለመውጣታቸው ነው። ፕላኔቶች ናቸው ብለው የተረጎሙ ሊቃውንት አሉ፤ እኔም ያሳምነኛል። ምክንያቱም በሰማይ ላይ እንደ እነርሱ ሥርዓት የጣሰ የሚመስል የለም። የአጥቢያ ኮከብ ለወራት ከንጋት በፊት ትታይና ትሰወራለች፣ ከዚያ በምሽት ሰማይ ትገኛለች። ማርስ በኮከቦቹ መካከል ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ ቆይቶ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ከሁለት ወር በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ቆም ብሎም ጉዞውን ይቀጥላል።

ባቢሎናውያን ይህን ኃጢአት ብለው አልተዉትም፣ ለምን ብለውም አልጠየቁም። መዘገቡት። ለዘመናት ሌሊት በሌሊት ጽፈው ማርስ በ79 ዓመት፣ የአጥቢያዋ ኮከብ በ8 ዓመት ወደ ቀድሞ ቀጠሮዋ እንደምትመለስ ደረሱበት። እስክንድርያ ላይ እ.ኤ.አ. በ150 አካባቢ የጻፈው የከዋክብት ሊቅ በጥሊሞስ ደግሞ ክብን በክብ ላይ አሽከርክሮ የማርስን መመለስ በጂኦሜትሪ አስመሰለው፤ መላው ለ1400 ዓመት አገለገለ። እ.ኤ.አ. በ1543 ኮፐርኒከስ ፀሐይን መካከል ላይ ሲያስቀምጣት መመለሱ የዓይን ነገር ሆኖ ተገኘ። በአዳማው ፈጣን መንገድ አውቶቡስ አንድ አይሱዙን ሲቀድም ከመስኮት ለሚያይ ሰው አይሱዙው ከሩቁ ተራራ አንጻር ወደ ኋላ የሚንሸራተት ይመስላል። ምድርም በየ780 ቀኑ ገደማ ማርስን የምትቀድመው እንዲሁ ነው። ኮፐርኒከስ ግን ክብን አልተወም፤ ስለዚህ የእሱም ቁጥር ከሰማዩ ጋር አልገጠመም።

ነገሩ የተፈታው በአንዲት ትንሽ ልዩነት ላይ ነው። ዴንማርካዊው ቲኮ ብራሄ እ.ኤ.አ. ከ1576 ጀምሮ በቬን ደሴት፣ ቴሌስኮፕ ገና ሳይፈጠር፣ በትልልቅ መለኪያዎች የማርስን ቦታ ሲመዘግብ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1601 ፕራግ ላይ ሲሞት መዝገቡ በረዳቱ በዮሐንስ ኬፕለር እጅ ገባ። ኬፕለር ብዙ ደክሞ በክብ ምሕዋር አንድ ስሌት አበጀ። በአብዛኛው ገጠመለት፤ በአንዳንድ ቦታ ግን ከቲኮ መዝገብ በ8 ደቂቃ ራቀ። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው፤ 8 ደቂቃ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሩብ ያህላል። ለበጥሊሞስ ይህ ከመለኪያ ስሕተት የማያልፍ ነበር። ኬፕለር ግን ቲኮ ይህን ያህል እንደማይሳሳት ያውቅ ነበር። የዓመታት ሥራውን ጥሎ እንደገና ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1609 ባሳተመው መጽሐፍም የማርስ ምሕዋር ሞላላ መሆኑን፣ ፕላኔቱም ወደ ፀሐይ ሲቀርብ እንደሚፈጥንና ሲርቅ እንደሚዘገይ አሳየ።

የሄኖክን ጸሐፊ ከኬፕለር የሚለየው የእምነት ማነስና መብዛት እንዳይመስለን። ኬፕለርም ሥነ መለኮት ተምሮ የወጣ፣ ሰማይ የፈጣሪን ሥርዓት ትናገራለች ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ልዩነቱ ሰማዩ ከቁጥሩ ሲለይ አንዱ ሰማዩን መክሰሱ፣ ሌላው የገዛ ቁጥሩን መክሰሱ ነው። ሎረንስም የሳተው እዚያው ላይ ነው፤ ቁጥሩን አምኖ ጸሐፊውን ወደ ካስፒያን አሰደደው።

ለመመልከት ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። በ2019 ዓ.ም. ማርስ አሰድ በሚባለው የኮከብ ክፍል ውስጥ ይመለሳል፤ ብሩህ ኮከቡን ሬጉለስን ምልክት ያድርጉ። ኅዳር አጋማሽ ላይ ማርስ በአጠገቡ አልፎ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ጥር መጀመሪያ ላይ ይቆማል። በየካቲት 12 ሳምንት ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ ወጥቶ፣ ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ ያንኑ ኮከብ ዳግም ያልፈዋል። መጋቢት ማብቂያ ላይ ወደ ፊት ይዞራል፤ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ያልፈዋል። በየሳምንቱ የሁለቱን ርቀት በጣት ለክተው ይመዝግቡ።