ደሴቱን የዋጠችው መርከብ

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

በዲሴምበር 1906 አንዲት የጀርመን መርከብ በምሽት ወደ ጃማይካው ኪንግስተን ወደብ እየተጠጋች ነበር። ስሟ «ፕሪንዜሲን ቪክቶሪያ ሉዊዘ» ነው። ዕቃ ለመጫን ወይም ስደተኛ ለማሻገር ሳይሆን ባለጸጎችን ለማንሸራሸር ብቻ ታስባ በመሠራቷ በዓይነቷ የመጀመሪያዋ ተደርጋ ትቆጠራለች። ካፒቴኑ የመብራት ማማ አምታታና ፖርት ሮያል አጠገብ ከዐለት ጋር አላተማት። መንገደኞቹ በሙሉ በሕይወት ወጡ። ካፒቴኑ ግን ክፍሉ ገብቶ በሽጉጥ ራሱን ገደለ። መርከቧም እዚያው ተሰባብራ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል። ዛሬ ሜሪላንድ ወይም ለንደን የሚኖሩ አዲስ ተጋቢዎች ለጫጉላ ሽርሽራቸው ካሪቢያንን ሲያስቡ ስልካቸው ላይ የሚያገኙት ዋጋ፣ የሌሊቶች ብዛትና የመዋኛ ገንዳ ፎቶ ነው። ንጽጽሩ የሚጀምረው በዋጋ ነው፤ የሚያልቀውም በዋጋ ነው። ነገር ግን ስልኩ ላይ ተደርድረው የሚታዩት አማራጮች ሁሉ የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ታሪኩን አንድ ላይ ሲያዩት የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ በካሪቢያን ባሕር ላይ መርከቧ ቀስ በቀስ ደሴቱን ዋጠችው። ስለዚህ ጥንዶቹ አስቀድመው ሊመልሱት የሚገባው ጥያቄ «የቱ ርካሽ ነው?» የሚለው አይደለም። «የምንሄደው ደሴቶቹን ለማየት ነው ወይስ መርከቧን?» የሚለው ነው።

*ሙዝና ውስኪ*

ካሪቢያንን ለአሜሪካ መንገደኛ የከፈተው ሙዝ ነው። በ1899 የተመሠረተው ዩናይትድ ፍሩት ኩባንያ ከመካከለኛው አሜሪካና ከጃማይካ ሙዝ የሚያመላልሱ መርከቦቹን፣ ፀሐዩ ፍሬውን እንዳያበላሽበት ነጭ ቀለም ቀባቸው። በነዚሁ መርከቦች ላይ ጥቂት የተመቻቹ ክፍሎች ሠርቶ መንገደኛም ይጭን ጀመር። ዋናው እንግዳ ግን ሙዙ ነበር። ጉብኝቱ የተከተለው የእርሻ ንግዱ በቀደደው መንገድ ነው።

ቀጥሎ የመጣው መጠጥ ነው። ከ1920 እስከ 1933 አሜሪካ ውስጥ አልኮል መሸጥ ሲከለከል፣ ወደ ኩባና ወደ ባሃማስ የሚደረግ ጉዞ የጥማት ማርኪያ ሆነ። በአሜሪካ ባንዲራ የሚጓዝ መርከብ ሕጉ ስለሚያስረው፣ በ1922 «ሪላያንስ» እና «ሪዞሉት» የተባሉ ሁለት የመንገደኛ መርከቦች በፓናማ ተመዘገቡ። ዘዴው ለመጠጥ የተጀመረ ቢሆንም ከመጠጡ ክልከላ በኋላም ቀጠለ። ዛሬ ከፍሎሪዳ የሚነሱት ግዙፍ መርከቦች ከሞላ ጎደል ሁሉም የባሃማስን፣ የፓናማን ወይም የሌላ አገርን ባንዲራ ያውለበልባሉ። የአሜሪካ ዝቅተኛ የደመወዝ ሕግ አይመለከታቸውም። አልጋ የሚያነጥፈውና ምግብ የሚያቀርበው ሠራተኛ በአብዛኛው ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያና ከሕንድ ለወራት በኮንትራት የመጣ ነው።

ይህ ለጥንዶቹ ሩቅ የፖለቲካ ወሬ አይደለም። በብዙ መርከቦች ላይ በየቀኑ በነፍስ ወከፍ የሚቆረጠው ጉርሻ የዚያ ሠራተኛ ገቢ አካል ነው። አንዳንድ መንገደኞች እሱን ማስቀነስን እንደ ብልጠት ይመክራሉ። የሚቆጠበው ገንዘብ ግን ከማን ኪስ እንደሚወጣ ታሪኩን ያወቀ አይስተውም። ጉርሻው ከትኬቱ ጋር አብሮ በጀት ሊያዝለት ይገባል።

*የ1966 ሁለት ጉዞዎች*

በ1958 ጄት አውሮፕላን አትላንቲክን ማቋረጥ ሲጀምር ታላላቆቹ የውቅያኖስ መርከቦች ሥራ ፈቱ። በዚያው ሰሞን የኩባ አብዮት መጣ፤ ቀጥሎ የአሜሪካ ማዕቀብ። ከዚያ በፊት የአሜሪካውያን መዝናኛ የነበረችው ሃቫና ከመንገደኞች ካርታ ወጣች። ክፍተቱን የሞላችው የባሃማስ ዋና ከተማ ናሳው ናት።

የዛሬው ዘመን የተወለደው በአንድ አጋጣሚ ነው። ክኑት ክሎስተር የተባለ ኖርዌያዊ ከእንግሊዝ ወደ ጅብራልታር መንገደኛና መኪና የምታመላልስ «ሰንዋርድ» የምትባል አዲስ መርከብ አሠራ። የጅብራልታር ውዝግብ ሲከር ግን መንገዱ ተበላሸና መርከቧ ያለ ሥራ ቀረች። በሌላ በኩል ማያሚ ላይ ቴድ አሪሰን የተባለ እስራኤላዊ ነጋዴ ትኬት የገዙ መንገደኞች ነበሩት፤ መርከብ ግን አልነበረውም። ሁለቱ ተገናኙ። በዲሴምበር 1966 «ሰንዋርድ» ከማያሚ ወደ ናሳው ተነሣች።

በዚያው ዓመት ከስምንት ወር ቀደም ብሎ ካሪቢያን ሌላ እንግዳ ተቀብላ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትሪኒዳድን ጎብኝተው ኤፕሪል 21 ቀን ኪንግስተን ሲያርፉ፣ የራስ ተፈሪያን ምእመናን ጥበቃውን ጥሰው አውሮፕላኑን ከበቡት፤ ንጉሡም ወዲያው መውረድ አልቻሉም። የአውሮፕላን ማረፊያው የሚገኘው ኪንግስተንን ከፖርት ሮያል በሚያገናኘው ቀጭን የአሸዋ ምድር ላይ ነው፤ ጀርመናዊቷ መርከብ ከተሰበረችበት ብዙም አይርቅም። አንዱ እንግዳ ወደ ሕዝቡ የመጣ ነበር። ከሰንዋርድ ጋር የጀመረው ንግድ ግን እንግዳውን ከሕዝቡ እያራቀው ሄደ።

*ርካሹ ትኬት*

ብዙ ወጣት ጥንዶችን የሚያማልለው የሦስትና የአራት ሌሊት ጉዞ ለምን ብዙ ጊዜ ናሳውን እንደሚነካ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ምክንያቱ ርቀት ብቻ አይደለም። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ ባንዲራ ያላት መርከብ መንገደኛን ከአሜሪካ ወደብ ወደ አሜሪካ ወደብ እንዳታጓጉዝ ይከለክላል። ከማያሚ ተነሥታ ወደ ማያሚ የምትመለስ መርከብ በመሃል ቢያንስ አንድ የውጭ ወደብ መርገጥ አለባት። ቅርቡ ደግሞ ባሃማስ ነው።

አሪሰን ከክሎስተር ተለይቶ በ1972 ካርኒቫልን ሲመሠርት አዲስ መርከብ ለማሠራት አቅም አልነበረውም። «ማርዲ ግራ» ብሎ የሰየማት አሮጌ መርከብ በመጀመሪያ ጉዞዋ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የጉዞ ወኪሎችን እንደጫነች፣ ማያሚ ወደብ አፍ ላይ አሸዋ ውስጥ ተቀረቀረች። ኩባንያው ከኪሳራ ጋር ሲታገል ቆይቶ በ1974 አሪሰን በ1 ዶላርና ዕዳውን በመሸከም ጠቀለለው። ያወጣው ግን ያ ውድቀት ያስተማረው ስሌት ነው። መርከቧ አሮጌ ከሆነች ጭፈራውን፣ ካሲኖውንና ባሩን መሸጥ፤ ትኬቱን ማርከስ፤ ትርፉን ከተሳፈሩ በኋላ መሰብሰብ። በ1977 የጀመረው «ዘ ላቭ ቦት» የተሰኘው የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ደግሞ መርከብ የሽማግሌ ባለጸጎች ብቻ ሳትሆን የፍቅረኞችም ቦታ እንደሆነች ለአሜሪካ አሳመነ።

ስሌቱ ዛሬም ያው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ጥንዶቹ ማወዳደር ያለባቸው የትኬት ዋጋን ሳይሆን ጠቅላላውን ነው፤ መጠጥ፣ ኢንተርኔት፣ ጉርሻ፣ በየደሴቱ የሚደረግ ጉብኝት፣ እስከ መነሻ ወደቡ የሚያደርስ በረራ። መጠጥ የማይወዱ ከሆነ ርካሹ ትኬት በእርግጥ ርካሽ ሊሆን ይችላል። ምሽታቸውን ባር ላይ የሚያሳልፉ ከሆነ ግን «ሁሉን ያካተተ» የተባለው ውድ መርከብ ሊሻላቸው ይችላል።

*አጥሩ*

በ1979 ክሎስተር «ፍራንስ» የተባለችውን ዝነኛ የውቅያኖስ መርከብ በ18 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ «ኖርዌይ» አላት። በማግስቱ ዓመት ካሪቢያን ስትገባ ለብዙዎቹ ወደቦች በጣም ትልቅ ነበረች፤ መንገደኞቿ በትናንሽ ጀልባ ወደ የብስ ይመላለሱ ነበር። ያኔ ነው መርከቧ ራሷ መድረሻ ልትሆን እንደምትችል የታየው። ከዚያ በፊት በ1977 የክሎስተር ኩባንያ ባሃማስ ውስጥ ግሬት ስተራፕ ኬይ የተባለችውን ትንሽ ደሴት ለመንገደኞቹ የግል ባሕር ዳርቻ አድርጓት ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሮያል ካሪቢያን ሰሜን ሀይቲ ላይ ላባዲን ተከራየ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ደሴት ያለ ደሴተኛ።

ይህ ሐሳብ የተፈተነው በ2010 ነው። ጃንዩወሪ 12 ቀን የመሬት መንቀጥቀጥ ሀይቲን መታ፤ የሞተው ከመቶ ሺህ በላይ ነው። ሦስት ቀን ሳይሞላው የሽርሽር መርከብ ላባዲ ላይ ቆመች። ኩባንያው የእርዳታ እህል ጭናለች፣ የአካባቢው ሰውም ሥራ ያስፈልገዋል አለ። እውነት ነው። ከአጥሩ ማዶ አስከሬን ሳይነሣ ከአጥሩ ወዲህ ሥጋ መጥበስ ይቻላል ወይ ብለው የጠየቁትም እውነት ነበራቸው። ከ2024 ወዲህ ደግሞ በሀይቲ የጸጥታ ችግር ጉዞው ተደጋግሞ ተቋርጧል።

በጃንዩወሪ 2024 ከማያሚ የተነሣችው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» የዚህ ሁሉ መደምደሚያ ናት። ርዝመቷ 365 ሜትር፣ ፎቆቿ 20፣ የመጫን አቅሟ እስከ 7,600 መንገደኛ ነው። የመሄጃ ስሟ ካሪቢያን ቢሆንም ውስጧ ያለ ሰው ደሴት መኖሩን ሳያስተውል ሊመለስ ይችላል።

*እንግዲህ የቱ?*

ለግዙፏ መርከብም ቦታ አላት። ጥንዶቹ በሥራ ደክመው ሌላ ምንም ሳያስቡ መጨፈር፣ መዋኘትና መተኛት ከፈለጉ፣ ያንን አውቀው ይምረጧት፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሚያሳዝነው ደሴት አያለሁ ብሎ ገንዳ ዳር መክረም ነው።

ደሴት የሚፈልጉ መነሻ ወደቡን ይመልከቱ። ከማያሚ ይልቅ ከፖርቶ ሪኮዋ ሳን ሁዋን ወይም ከባርቤዶስ የሚነሣ የ7 ሌሊት ጉዞ ባሕር ላይ የሚያባክነው ቀን ያነሰ ነው፤ ዶሚኒካን፣ ሴንት ሉሲያንና ግሬናዳን የመሳሰሉ ደሴቶችን በቅርብ ርቀት ያዳርሳል። ጸጥታና መቀራረብ የሚሹ ደግሞ በ1992 ሥራ የጀመረችውን፣ 170 ያህል መንገደኛ ብቻ የምትይዘውን «ስታር ክሊፐር» የመሰሉ ባለሸራ መርከቦችን ያስቡ። ውድ ናቸው፤ ጭፈራም የለም፤ ነገር ግን ትልልቆቹ የማይገቡበት ትንሽ ወደብ ይገባሉ።

ወቅቱም ይታይ። ከጁን እስከ ኖቬምበር የአውሎ ነፋስ ጊዜ ስለሆነ ዋጋው ይወርዳል፤ መንገዱም ባልታሰበ ሁኔታ ሊቀየር ይችላል። በዚያ ጊዜ መሄድ ግድ ከሆነ አሩባና ኩራሳው ከአውሎ ነፋሱ መንገድ በአብዛኛው ወደ ደቡብ ዘወር ያሉ ናቸው።

በተለይ ኢትዮጵያውያን ጥንዶች የራስ ተፈሪያንን አገር አያለሁ ብለው ጃማይካ የምትቆም መርከብ ሲመርጡ ወደቡን በስሙ ይጠይቁ። ግዙፎቹ መርከቦች ከ2011 ጀምሮ የሚቆሙበት ፋልመዝ በባርነት ዘመን ስኳር የሚወጣበት፣ ባሪያ የሚራገፍበት ወደብ ነበር። ከዚያ እስከ ኪንግስተን በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ መርከቧ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ቆማ ስትሄድ ብዙ ሰው የሚያየው ወደቡ ላይ የተሠሩትን ሱቆች ነው። ኦቾ ሪዮስ የምትቆም መርከብ ግን ቦብ ማርሌ ወደ ተወለደባት ናይን ማይል መንደር ደርሶ ለመመለስ ታመቻለች።

ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የጉዞው ዝርዝር ላይ አንድ ነገር መቁጠር በቂ ነው፤ ከሰባቱ ቀናት ስንቱ ባሕር ላይ፣ ስንቱ በኩባንያው የግል ደሴት፣ ስንቱ ደግሞ ሰው በሚኖርበት አገር እንደሚያልፍ። ጥንዶቹ የገዙት መርከቧን ይሁን ደሴቱን ያ ቁጥር ይነግራቸዋል።