ከነፋስ ስልክ እስከ ሰው አልባ አይሮፕላን፦ ፈቃድ፣ መዝገብና መድን

በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ከቴክኒክ ነው። ያለ ሽቦ በአየር የሚተላለፍ መልእክት ለአገሩ እንግዳ በነበረበት ዘመን ሕዝቡ መሣሪያውን «የነፋስ ስልክ» አለው፤ ስሙም የሰፈሩ፣ ኋላም ከላፍቶ ጋር ተጣምሮ የክፍለ ከተማው መጠሪያ ሆነ። ዛሬ በጀሞና በለቡ ሕንፃዎች አናት ላይ ሊበር የሚችለው ድሮን የዚሁ የነፋስ ስልክ የልጅ ልጅ ነው። ክንፉ ከአይሮፕላን ቢወረስም ልጓሙ የሬድዮ ሞገድ ነውና። ስለዚህ ድሮን የሚተዳደርበትን ሕግ ለመረዳት፣ ቀደም ብለው የመጡት መሣሪያዎች በኢትዮጵያ እንዴት ለሕግ እንደ ተገዙ መለስ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ ሥሪት ነበር። ከ15 ዓመታት በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም.፣ የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ጉባኤ በቺካጎ ሲደረግ ኢትዮጵያ ተካፋይ ነበረች። በዚያ በጸደቀው ስምምነት መሠረት አይሮፕላን ዜግነት አለው፤ ዜግነቱም የተመዘገበበት አገር ነው። በሁለት አገሮች መዝገብ መግባት አይችልም፤ የምዝገባ ምልክቱንም በአካሉ ላይ ይይዛል። የስምምነቱ አንቀጽ 8 ደግሞ ያለ አብራሪ ሊበር የሚችል አይሮፕላን፣ ከባለአገሩ መንግሥት ልዩ ፈቃድ ሳያገኝ በግዛቱ ላይ ያለ አብራሪ እንዳይበር ይከለክላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ከልደታ ሜዳ በረራ ሲጀምር፣ ዛሬ ድሮን የሚጠየቅበት መርሕ በጽሑፍ ሰፍሮ ነበር ማለት ነው።

መርሑ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ድሮን ወደ ኢትዮጵያ የሚያስገባ ሰው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን ፈቃድ ይጠየቃል፤ ያለ ፈቃድ የመጣው በጉምሩክ ይያዛል። የበረራው ደኅንነት የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ጉዳይ ሲሆን፣ የሬድዮ ሞገዱን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ይሁን እንጂ ፈቃድና መዝገብ የሚመልሱት «የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ ነው። «ጉዳት ቢያደርስ ማን ይክፈል?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። የዚህ መልስ ምን ያህል ሊዘገይ እንደሚችል የአውቶሞቢል ታሪክ ያስተምራል። የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ የገቡት በ1900 ዓ.ም. ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የማሽንና የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ መሣሪያው ባልተፈቀደለት ሰው እጅ ሆኖ ላደረሰው ጉዳት እንኳ ኃላፊ እንደሚሆን ደነገገ። ኃላፊነቱ ግን ባለቤቱ የሚከፍለው ከሌለው ለተጎጂው ፍሬ አልነበረውም። ለሦስተኛ ወገን መድን መግባትን ግዴታ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 559 የወጣው በ2000 ዓ.ም. ነው። ባለቤቱ ባልታወቀ ወይም መድን በሌለው ተሽከርካሪ ለተጎዳ ሰው የሚደርስ ፈንድም አብሮ ተቋቋመ። ከመኪናው መምጣት እስከ እግረኛው ዋስትና 100 ዓመት ሞላ።

በሌላው ዓለምም መድን ወደ ኋላ የመቅረት ጠባይ አለው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 ክብደታቸው ከ250 ግራም የሚበልጡ ድሮኖች እንዲመዘገቡ ስታዝ፣ ትእዛዙ ስለ መዝገብ እንጂ ስለ መድን አልነበረም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ደንብ አይሮፕላን የሚያበር ሁሉ ለሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ አስገድዶ፣ ከ20 ኪሎ ግራም በታች የሆኑትን ሞዴል አይሮፕላኖች ግን ከግዴታው ነፃ አደረገ። ጀርመን በበኩሏ የድሮን ባለቤት ሁሉ፣ ድሮኑ የቱንም ያህል ቀላል ቢሆን፣ መድን እንዲገባ ታስገድዳለች።

ጀርመንን የሚደግፋት ስሌቱ ራሱ ነው። ከ100 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ዕቃ፣ የአየሩ መከላከል ካልተቆጠረ፣ ምድር ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 44 ሜትር፣ በሰዓትም 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ኪሎ የሚመዝን ድሮን በዚህ ፍጥነት ሰው በሚመላለስበት መንገድ ላይ ቢወድቅ፣ ጉዳቱ ከባድ ሊሆን ይችላል። እግረኛ መኪና ሲመጣ አይቶ ዘወር ይላል፤ ከአናቱ የሚመጣውን ግን አያይም።

ድሮን ዛሬ የቅየሳና የግንባታ ክትትል መሣሪያ ስለ ሆነ፣ ጉዳዩ የሕግ ባለሙያዎች ብቻ አይደለም። መሐንዲሱ የሥራ ውል ሲያዘጋጅ የበረራ ፈቃዱን፣ የምዝገባ ቁጥሩንና ለሦስተኛ ወገን የተገባውን መድን በአንድ ገጽ ላይ ሊያሰፍራቸው ይችላል፤ ሊያሰፍራቸውም ይገባል። የአውቶሞቢሉ እግረኛ 100 ዓመት ጠብቋል፤ በድሮን ሥር የሚያልፈው መንገደኛ ግን ያን ያህል እንዲጠብቅ የሚያስገድድ ምክንያት የለም።