የአየር ጠመንጃ አዳራሽ፤ ለወጣት ተኳሾች የደኅንነት ሥርዓት እንዴት ተገኘ?

መግቢያ

የአየር ጠመንጃ ባሩድ የለውም። ጥይቱን የሚገፋው የታመቀ አየር ነው። ድምፁ ዝቅተኛ፣ ጥይቱም የምስር ፍሬ የሚያህል በመሆኑ ብዙ ሰው ይህን መሣሪያ ከመጫወቻ ዕቃ ለይቶ አያየውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አመለካከት ያስከተለውን ጉዳት፣ ከጉዳቱም የተማሩ ሰዎች ወጣቶች ያለ ሥጋት የሚለማመዱበትን የዒላማ አዳራሽ ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደ ሠሩ ማስረዳት ነው። ጽሑፉ ጠመንጃ ወደ ትምህርት ቤት ይግባ ብሎ አይከራከርም። ሆኖም ጦር በሚወረወርበት ሜዳ፣ መጋዝ በሚሠራበት የእጅ ሥራ ክፍል ወይም አሲድ በሚቀዳበት ቤተ ሙከራ ለሚያስተምር መምህር፣ እነዚህንም ለሚያቅድ ባለሙያ የሚሆን ትምህርት በዚህ ታሪክ ውስጥ እናገኛለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው ጠመንጃ

በአየር ኀይል የሚተኩስ መሣሪያ በአውሮፓ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይታወቅ ነበር። ከሁሉ ይበልጥ ስሙ የተነሣው ግን ባርቶሎሜዎ ጂራርዶኒ የፈለሰፈውና የኦስትሪያ ሠራዊት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የታጠቀው ጠመንጃ ነው። አየሩ በእጅ ፓምፕ እየተገፋ በሰደፉ ውስጥ ይታመቅ ነበር፤ ጠመንጃውም 20 ያህል ጥይት አከታትሎ ይተኩስ ነበር። ይህ እንግዲህ ለጦር ሜዳ የተሠራ እንጂ መጫወቻ አልነበረም።

የአሜሪካን ምዕራባዊ ምድር ለማሰስ የተላከው ሜሪዌዘር ሉዊስ በ1803 ጉዞውን ሲጀምር የአየር ጠመንጃ ይዞ ነበር። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር መጨረሻ በፒትስበርግ አጠገብ ከምትገኝ የወንዝ ደሴት ላይ ቆሞ ለአካባቢው ሰዎች መሣሪያውን አሳያቸው። እርሱ ራሱ በማስታወሻው እንደ መዘገበው ሰባት ጊዜ ተኩሶ ተሳካለት። ከዚያም ጠመንጃውን አሠራሩን ለማያውቅ ሰው ሰጠው። መሣሪያው በዚህ ሰው እጅ ሳለ ሳይታሰብ ተተኮሰ፤ ከ35 ሜትር በላይ ርቃ የቆመች አንዲት ሴትም ጥይቱ ባርኔጣዋን በስቶ ሰሪሳራዋን ጫረው። ሴትዮዋ ወድቃ ደሟ ሲፈስ የሞተች መስሏቸው ተደናገጡ፤ ቁስሉ ግን ቀላል ሆኖ ተረፈች።

ይህን አደጋ ብንመረምረው ሦስት ጉድለቶች እናገኛለን። አንደኛ፣ ተመልካችና ተኳሽ የሚለዩበት መስመር አልነበረም። ሁለተኛ፣ የባዘነውን ጥይት የሚያስቀር ግድግዳ አልነበረም። ሦስተኛ፣ የጎረሰ መሣሪያ ያለ ትእዛዝ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። የአየር ጠመንጃ አዳራሽ ታሪክ በአጭሩ ሲነገር እነዚህ ሦስት ጉድለቶች የተሟሉበት ታሪክ ነው።

2. የደወሉ ዒላማ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር፣ በተለይም በበርሚንግሃምና በአካባቢዋ፣ የአየር ጠመንጃ ተኩስ በመጠጥ ቤቶች ውስጥ የሠራተኞች የምሽት ጨዋታ ሆነ። ዒላማው መካከሉ የተበሳ የብረት ሳህን ሲሆን ቀዳዳው ከአንድ ሳንቲ ሜትር በመጠኑ ያንሳል። ጥይቱ በቀዳዳው ሲያልፍ ከበስተ ኋላ የተሰቀለውን ደወል ይመታል። ርቀቱም ስድስት ሜትር ያህል ነው።

በዚህ ቀላል ጨዋታ ውስጥ ሁለት ቁም ነገሮች ተገኝተዋል። የመጀመሪያው፣ ዒላማው ራሱ የጥይት መመከቻ መሆኑ ነው። ሁለተኛውና ለእኛ ይበልጥ አስተማሪ የሆነው፣ መካከሉ መመታቱን ደወሉ ስለሚናገር ተኳሹ ይህን ለማረጋገጥ ወደ ዒላማው መሄድ አለማስፈለጉ ነው። ሰው ከመስመሩ አልፎ እንዳይሄድ በቃል ከመከልከል ይልቅ መሄድ የማያስፈልግበት ዘዴ ተፈጠረ። ከዚያ በኋላ በአዳራሾች የገባው፣ የወረቀቱን ዒላማ በገመድ እየጎተተ ወደ ተኳሹ የሚያመጣው መዘውር፣ በኋላም ውጤቱን በተኳሹ አጠገብ ባለ መስኮት የሚያሳየው የኤሌክትሮኒክ ዒላማ በዚሁ መንገድ የሄዱ ናቸው።

3. መጫወቻ ነው መባሉ ያስከተለው

በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት በፕሊመዝ ከተማ የነበረ አንድ የነፋስ መዘውር ፋብሪካ በ1888 የብረት የአየር ጠመንጃ መሥራት ጀመረ። ጠመንጃው በመጀመሪያ መዘውር ለሚገዙ ገበሬዎች የሚሰጥ መመረቂያ ነበር። ነገር ግን ከመዘውሩ ይልቅ ጠመንጃው ስለ ተወደደ ፋብሪካው በ1895 ስሙን በጠመንጃው ስም ዴዚ ብሎ ለወጠው። እንዲህ ዓይነቱ ርካሽ ጠመንጃ በብዙ ልጆች እጅ ገባ።

ልጆች ያለ ተቆጣጣሪ በጓሮ ሲተኩሱ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ዓይን ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ደኅንነት ኮሚሽን ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ107 ሜትር በላይ የሆነ የአየር ጠመንጃ ሕይወት ሊያጠፋ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። የዛሬው የውድድር ጠመንጃ ጥይት ፍጥነት ደግሞ በሴኮንድ ወደ 170 ሜትር ይደርሳል።

እዚህ ላይ ዕቅድ አውጪዎች ሊያስተውሉት የሚገባ ልዩነት አለ። ለልጆች ጠመንጃ የሚሆነው ክብ የብረት ፍሬ ጠንካራ ነገር ሲመታ ነጥሮ ይመለሳል። ለውድድር የሚሆነው የእርሳስ ጥይት ግን ብረት ሲመታ ይጨፈለቃል። ስለዚህ ለመጀመሪያው የሚስማማው እንደ ተንጠለጠለ ወፍራም መጋረጃ ወይም ወረቀት እንደ ታጨቀበት ሣጥን ያለ ለስላሳ መመከቻ ነው፤ ለሁለተኛው ደግሞ ጥይቱን ወደ ታች ወደ ማጠራቀሚያው የሚመልስ ያዘነበለ የብረት ሰሌዳ። አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም መመከቻውን ራሱን የአደጋ ምንጭ ያደርገዋል። በአሜሪካ ከ8 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች በ5 ሜትር ርቀት የሚወዳደሩበት ሥርዓት ሲቋቋም ያው መሣሪያ ከጓሮ ወጥቶ በመስመር፣ በመመከቻና በአሠልጣኝ ተከቦ እንዲያዝ ሆኗል።

4. ዐሥር ሜትር

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን አገር ድል አድራጊዎቹ መንግሥታት የጦር መሣሪያ መያዝን ከለከሉ፤ የተኳሾች ማኅበራትም ፈረሱ። ክልከላው በ1950 ገደማ ሲላላ አስቀድሞ የተመለሰው የአየር ጠመንጃ ነበር። የጀርመን ተኳሾች ፌዴሬሽን በ1951 እንደ ገና ተቋቋመ። ማኅበራቱም የተለየ ሜዳ ሳይሹ በእንግዳ ማረፊያዎች አዳራሽ ውስጥ መለማመድ ቻሉ። ስለዚህ የቤት ውስጥ ተኩስ መስፋፋት ከችግር የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

የዓለም አቀፉ የተኩስ ማኅበር የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃን በ1966 በቪስባደን በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና፣ የአየር ሽጉጥን ደግሞ በ1970 በፊኒክስ አስገባ። ጠመንጃው በ1984 በሎስ አንጀለስ፣ ሽጉጡም በ1988 በሴኡል የኦሊምፒክ ውድድር ሆኑ። በዚህ ሂደት የአዳራሹ ልክ ተወሰነ። የጥይቱ ስፋት 4.5 ሚሊ ሜትር፣ የጠመንጃው ዒላማ መካከለኛ ነጥብ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። የዒላማው መካከል ከወለሉ 1.40 ሜትር ከፍ ይላል። እያንዳንዱ ተኳሽ ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት ያለው ስፍራ ሲኖረው፣ ዒላማው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ቢያንስ 1500 ሉክስ መሆን አለበት።

ከእነዚህ ልኮች በስተ ጀርባ ያለው ሐሳብ ግልጽ ነው። ከመስመሩ ጀርባ ለተኳሾቹ፣ ለመሪውና ለተመልካቾች የሚሆነው ስፍራ ሲጨመር አንድ ተራ አዳራሽ ይበቃል። ዋናው ነገር በሩ የት ነው የሚለው ጥያቄ ነው። መግቢያው ከተኳሾቹ በስተ ኋላ መሆን ይገባዋል። በመስመሩና በዒላማው መካከል የሚከፈት በርና መስኮት ካለ ግን መሐንዲሱ በወረቀት ላይ ያጠፋውን ጥፋት መምህሩ ዕድሜ ልኩን ሲጠብቀው ይኖራል።

5. ግድግዳው የማይጠብቀው

አዳራሹ በሚገባ ቢሠራም የሉዊስ ሦስተኛው ጉድለት፣ ማለትም የጎረሰ መሣሪያ ያለ ትእዛዝ መተላለፉ፣ በግድግዳ አይፈወስም። ለዚህ የተገኘው መድኃኒት የአንድ ሰው ድምፅ ነው። ተኩስ የሚጀመረው በመሪው ቃል፣ የሚቆመውም በመሪው ቃል ነው። «ቁም» ሲባል የሚከተለው ክርክር ሳይሆን ጸጥታ ነው። አፈሙዝ ሁልጊዜ ወደ ዒላማው ይዞራል፤ ጣት እስከ መተኮሻው ጊዜ ቃታ አይነካም። ጠመንጃው ባዶ መሆኑ የሚታወቀው በባለቤቱ ምስክርነት አይደለም፤ በአፈሙዙ ውስጥ አልፎ ከሩቅ በሚታይ ደማቅ ገመድ ነው። የጀርመን ሕግ 12 ዓመት የሞላው ልጅ በአየር ጠመንጃ በአዳራሽ እንዲለማመድ የሚፈቅደው በወላጅ ስምምነትና ልጆችን ለማሠልጠን ብቁ በሆነ ሰው ተቆጣጣሪነት ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ስለ አንድ ድምፅ አስፈላጊነት የተማረው ከጠመንጃ አይደለም። በወጣትነቴ ጦር ውርወራ ሳስተምር፣ ግማሹ ክፍል ሲወረውር ግማሹ የወደቀውን እየለቀመ እንዲመልስ አደርግ ነበር። ጊዜ መቆጠብ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ጦሩ የአንድ ተማሪ እጅጌ ቀዶ መሬት ላይ ተተከለ። ልጁ ሳቀ፤ ጓደኞቹም ሳቁ። እኔ ግን የዚያን ዕለት ትምህርት መቀጠል አልቻልኩም። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም፤ የወርዋሪውም አልነበረም። «አሁን ወርውሩ»፣ «አሁን ልቀሙ» የሚል ቃል አልነበረምና ጥፋቱ የእኔ ነበር።

6. የማይታየው አደጋ

አዳራሹ ጥይቱን ካስቀረ በኋላም አንድ ነገር ይቀራል፤ እርሱም እርሳስ ነው። በአየር ጠመንጃ ውስጥ የሚቃጠል ባሩድ ስለሌለ በአየር ላይ የሚበተነው እርሳስ ከሌላው ተኩስ ያነሰ ነው። ነገር ግን የተጨፈለቀው ጥይት ትቢያ በመመከቻው ዙሪያ ይከማቻል፤ ጥይት የሚያጎርስ ጣትም እርሳስ ይነካል። የዓለም ጤና ድርጅት ከእርሳስ ጉዳት የሌለው የሚባል መጠን እንደማይታወቅ፣ ትንንሽ ልጆችም የዋጡትን እርሳስ ከአዋቂዎች ከ4 እስከ 5 እጥፍ ወደ ሰውነታቸው እንደሚስቡ ያስታውቃል።

ከዚህም የተነሣ በመስመሩ ላይ መብላትና መጠጣት ክልክል ነው፤ ከልምምድ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ወለሉም በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግም፣ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል እንጂ። ስለዚህ የእጅ መታጠቢያው ከመውጫው አጠገብ ሊታቀድ ይገባል። ታጠቡ የሚለው ምክር በግድግዳ ላይ ተጽፎ ውሃው ከአዳራሹ ውጭ ርቆ ከሆነ፣ ጽሑፉን የሚያነብ ይገኛል፤ የሚታጠብ ግን ጥቂት ነው።

መደምደሚያ

በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ የዘመናዊ ፔንታትሎን ተወዳዳሪዎች በአየር ሽጉጥ ፈንታ የሌዘር ሽጉጥ ያዙ። ጥይትም እርሳስም ቀረ። ሆኖም መስመሩ፣ ትእዛዙና መሪው አልቀሩም። ይህም ሥርዓቱ የተሠራው ስለ ጥይቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰውም ጭምር መሆኑን ያሳያል።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ሁለት ነው። ለዕቅድ አውጪው፣ ሕንፃው ሊጠብቀው የሚችለውን ሕግ ለተማሪ ትዝታ አይተወው፤ በሩን፣ መመከቻውንና የውሃውን ቧንቧ በቦታቸው ያድርግ። ለመምህሩ ደግሞ፣ ሕንፃው የማይጠብቀውን ድምፁ ይጠብቅ፤ መሣሪያው ደካማ ነው ብሎም ቃሉን አያላላ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ የተናገሩት ለእሳት ብቻ አልነበረምና።